ሊብሬው ላይ የጎደለው ስም

ዲላ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተን ማመልከቻ ከምንጽፈው መካከል ቁጡው እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ነው። ባለጉዳይ መጥቶ ነገሩን ከቅድመ አያቱ ሲጀምርልኝ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ ፍሬ ነገሩን ንገረኝ እለዋለሁ። አሁንም ካልሰማኝ ወደ ወንድይፍራው ጃንጥላ እልከዋለሁ። ወንድይፍራው ትዕግሥቱ የኢዮብ ነው፤ ጽሑፉ ግን ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ስለዚህ ሰው ቁጣዬን እየቻለ ተመልሶ እኔው ጋ ይመጣል።

ጸሐይ የመጣች ቀን ግን የምቆጣበት ምክንያት አጣሁ። ሰላም አለችኝና መታወቂያዋንና የሞተር ሊብሬዋን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሞተሯ ተሰርቃ ይርጋጨፌ መገኘቷን፣ ፖሊስ ግን የሊብሬውና የመታወቂያው ስም አይገናኝም ብሎ እንዳልሰጣት ነገረችኝና ዝም አለች። እንዲህ ያለ ባለጉዳይ እግዚአብሔር በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚልክልኝ።

ሁለቱን ወረቀት አየሁ። መታወቂያው ጸሐይ አማኑ ወልደዮሐንስ ይላል። የባለቤትነት ደብተሩ፣ ሊብሬው ማለት ነው፣ ጸሐይ ወልደዮሐንስ ይላል። አባት ተዘሏል፤ አያት በአባት ቦታ ተቀምጧል። የሞተሩም ቁጥር የሻንሲውም ቁጥር ትክክል ነው፤ ታርጋውም የሷ ነው። ሰው ብቻ ጎድሏል።

ይህች ሞተር ለጸሐይ ምን እንደሆነች ስጠይቃት ቀስ እያለች ነገረችኝ። ባሏ ደግነት ከሞተ በኋላ ነው የገዛቻት። ባርኮት የሚባል ሹፌር ከዲላ ገበያ ወደ ላይኞቹ ቀበሌዎች ሰው ያመላልስባታል። በዚያ ገቢ ልጇን ቤቴልን መምህራን ኮሌጅ ታስተምራለች፣ ቤት ታስተዳድራለች፣ አብረዋት የሚኖሩትን አማቷን ትጦራለች። አሁን ሞተሯ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ዝናብ እየመታት ቆማለች። ባለቤትነቷ በጊዜው ካልተረጋገጠ ባለቤት አልባ ንብረት ተብላ ለጨረታ ትቀርባለች። ጸሐይ በየሳምንቱ ይርጋጨፌ እየሄደች ሞተሯን በአጥር ቀዳዳ አይታ ትመለሳለች፤ ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው።

ስህተቱን ማን እንደሠራው ስጠይቃት፣ ነስሩ ሱቅ ውል ሲጻፍ የመጣ ነው አለችኝ። ነስሩ ሞተር ሻጭ ነው፣ እናውቀዋለን፤ ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ አፋጠጥኩት። የሽያጭ ውሉ እሱ ዘንድ እንደተጻፈ፣ ሊብሬውም ከውሉ ላይ እንደተገለበጠ አመነልኝ። ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም አለ። ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝ ስላት ጸሐይ ወልደዮሐንስ ብላኝ ነው፣ የነገረችኝን ነው የጻፍኩት አለ። እኔ ሳቅሁበት። ነጋዴ እጁን ሲታጠብ ውሃ አያጥረውም፤ ደግሞ የአባቱን ስም የሚረሳ ሰው የት አለ ብዬው ወጣሁ።

ሊብሬውን የሚያርመው መሥሪያ ቤት፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አላት። ማመልከቻውን ጻፍኩላት። ስሟን ከመታወቂያዋ ላይ ገለበጥኩ እንጂ አልጠየቅኋትም። ጽፌ ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ ሙሉ ስሟ ላይ ስደርስ አቀርቅራ ጫማዋን ማየት ጀመረች። እኔ ዓይን አፋር ናት ብዬ አለፍኩት።

ጉዳዩን ያየችው ዳኛ ጽጌማርያም ናት። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ታናሽ እህት ስለሆነች ውጭ አንቺ ነው የምላት፤ ችሎት ውስጥ ግን ክብርት ዳኛ ናት፣ እኔም ከኋላ አግዳሚ ላይ ትንፋሼን ውጬ ነው የምቀመጠው። በዚያ ሰሞን የሞተር ሌቦች በሰው መታወቂያ ሴት እያቀረቡ ንብረት የሚያስወጡበት ዘዴ ተይዞ ነበር። ስለዚህ ጽጌማርያም የራሷን ፈተና አበጅታ ነበር። ወረቀቱን ሁሉ እሷ ዘንድ አድርጋ አመልካቹ በገዛ አፉ ስሙን እንዲናገር ታደርጋለች። የውሰት ስም ይዞ የመጣ ሰው አያቱ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል።

"ሙሉ ስምሽን ከነአያትሽ ተናገሪ" አለቻት።

"ጸሐይ" አለች ጸሐይ።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ዳኛዋ ጠበቀች። ጸሐፊዋ ጣቶቿን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ጸሐይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም፣ ላብ ግንባሯ ላይ ወጥቷል። ጽጌማርያም ደግማ ጠየቀቻት፣ ደግሞም በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀቻት። መልስ አልመጣም። በመጨረሻ ዳኛዋ ቀጠሮ ሰጠች፤ በሚቀጥለውም ካልተናገረች መዝገቡን እንደምትዘጋው ነገረቻት። መዝገቡ ተዘጋ ማለት ሞተሯ ተሸጠች ማለት ነው።

ውጭ ስንወጣ የያዝኩትን ቁጣ ሁሉ ለቀቅሁት። የገዛ ስምሽ ጠፋሽ ወይ፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ችሎት ቆሞ አያውቅም አልኳት። ጸሐይ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ስሜን አውቀዋለሁ፣ ጋሽ ከፈለኝ" አለችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ገበያው ሄደች።

ያን ጊዜ ጥርጣሬ ገባኝ። ምናልባት እውነትም የሌላ ሴት መታወቂያ ይሆን? ምናልባት ሌቦቹ እኔኑ ጸሐፊያቸው አድርገውኝ ይሆን? ይህን እያሰብኩ አንድ ቀን ከዋልኩ በኋላ ጃንጥላዬን ለወንድይፍራው አደራ ሰጥቼ ወደ መንደሯ ወጣሁ። ቤቷን፣ ኑሮዋን፣ ጎረቤቷን በዓይኔ ልይ ብዬ ነው።

ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰኝና ከዚያ በእግሬ ቀጠልኩ። እኔ ዲላ ተወልጄ ዲላ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አባቴ ለመምህርነት ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ነው የቀረው። ያንን ኮረብታ በሕይወቴ ሁሉ ከታች ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ጫካ ነበር የሚመስለኝ። ገብቼበት ስሄድ ግን ከእንሰቱ ጀርባ ቤት አለ፤ ከዚያ ቤት ጓሮ ሌላ ቤት፣ ከሱም በላይ ሌላ። ቡናው በእንሰቱ መካከል ቆሟል፣ ከሁለቱም በላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ጥሏል። ከዚያ ሁሉ ዛፍ ውስጥ ሰው ሳያስብበት የበቀለ አንድም ያለ አልመሰለኝም። አባት የተከለው ሥር ልጅ የተከለው፣ ከልጅ የተከለው ሥር ደግሞ የልጅ ልጅ ችግኝ አለ። ጫካ እያልኩ የኖርኩት የሰው ጓሮ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መናገር ጀመርኩ።

የጸሐይን ቤት የጠየቅሁት ሰው ሁሉ፣ የሃይቻ ቤት ነው፣ እዚያ ነው ይለኛል። ሃይቻ ሽማግሌው ማለት ነው። የጸሐይ አማት ናቸው። የሽማግሌዎች ሸንጎ በሚቀመጥበት በሶንጎው ተጣልተው የመጡትን የሚያስታርቁ፣ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው በሽምግልና የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ለአጥር የሚሆን ቀርከሃ ሲሰነጥቁ አገኘኋቸው። ጸሐይ ገበያ ወርዳ ነበር።

አስቀመጡኝ፤ ውሃ ሰጡኝ። ማን እንደሆንኩ ነግሬያቸው፣ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ምራትዎ ችሎት ፊት ቆማ እንደ ድንጋይ ዝም አለች፣ እንዲህ ከሆነ ሞተሯ መሸጧ ነው፣ እኔም መዋረዴ ነው አልኳቸው። ሽማግሌው ቀርከሃውን መሰንጠቅ አላቆሙም።

"ዳኛው ምን ብሎ ነው የጠየቃት?" አሉኝ።

የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም እንድትናገር ነው አልኳቸው። ቢላዋቸው ቆመ።

"አባቷ ማን ይባላል?"

"አማኑ" አልኩ። የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ አልረሳውም።

"እኔስ ማን እባላለሁ?"

አላውቅም ነበር። በመንደሩ ያገኘሁት ሰው አንድም ስማቸውን አልጠራልኝም።

"እኔም አማኑ ነኝ" አሉኝ።

እዚህ አገር የሚኖር ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር። በጌዴኦ ወግ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ክብር ነው። አጥባቂዎቹማ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ከአፋቸው አያወጡም፤ ሌላ ቃል ይፈልጉለታል። ተማሪ ሳለን በዚህ እንቀልድ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ፣ የባሏ አባት ስም ከራሷ አባት ስም ጋር አንድ ቢሆን ያቺ ሴት ምን ታደርጋለች ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን አወቅሁት። ይቺ ሴት ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቀን ጀምሮ የአባቷን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችም። ነስሩ ሱቅ ስሟን ስትጠየቅ አባቷን ዘልላ አያቷን የጠራችው ረስታ አልነበረም።

ሽማግሌው የቀረውን በቀስታ ነገሩኝ። አማርኛቸው ከጌዴኦፋ ጋር እየተጋፋ ነው የሚወጣው። እኔ አልከለከልኳትም አሉ። እናቷ ያስተማረቻትን ይዛ ነው የመጣችው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው እንኳ ኃጢአት የለበትም ሲላት ፈገግ ብላ ነው ያለፈችው። ደግነት ሲሞት ወደ ወገኖቿ ልትመለስ ትችል ነበር፤ ማንም አይቀየማትም ነበር። እሷ ግን እሳቸውን ይዛ ቀረች፤ ባል በሌለበት ቤትም ያንን ክብር አላጓደለችም። ከዚያ የአባቷን ቀብር አነሱ።

"ለቀብሩ እኔም ሄጄ ነበር" አሉኝ። "ሰው ሁሉ አማኑ፣ አማኑ እያለ ያለቅሳል። የወንድሙ ልጅ ይጠራዋል፣ ጎረቤቱ ይጠራዋል። የገዛ ልጁ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር የቆመችው። እኔ እዚያ ስለነበርኩ ነው። ያን ቀን እንድትጠራው ልነግራት ይገባኝ ነበር። አፈርኩ።"

ቁጣዬ የሚያርፍበት ሰው ፈለገ፣ ማንንም አላገኘም። ችሎት ፊት ላብ ግንባሯ ላይ ወጥቶ የቆመችውን ሴት አሰብኳት። ሞተሯን፣ የልጇን ትምህርት፣ የእንጀራዋን መሶብ አስይዛ ነው ዝም ያለችው። ምክንያቱን መናገር ትችል ነበር። ግን ያን ጊዜ በአደባባይ፣ ስሜን የዘጋብኝ አማቴ ነው ያለች ይመስልባታል። ስለዚህ ያንንም ዋጠችው። እኔ ሥራዬ ቃል መሸጥ ነው፤ አንድ ቃል ይህን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የዚያን ዕለት ነው ያየሁት።

ለፍርድ ቤቱ ማስረጃ የሚሆን ወረቀት እጽፋለሁ አልኳቸው፤ ወጉን እናስረዳለን፣ ዳኛዋም የዚሁ አገር ሰው ናት አልኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ወረቀት ተው። እኔ እወርዳለሁ" አሉኝ። ለጸሐይም እንዳልነግራት አደራ አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን መንገዱ ጫፍ ድረስ ባጃጅ ይዤ ሄጄ ጠበቅኋቸው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በሰው ጓሮ መካከል ቀስ ብለው ሲወርዱ እያንዳንዱ ደጅ ላይ ሰው እየተነሣ ሰላም ይላቸዋል። ባጃጁ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም፣ ለታሪክ ይቀመጥልኝ፣ ዝም አልኩ።

ምስክሩ ተራው እስኪደርስ ውጭ ነው የሚጠብቀው፤ እሳቸውን በር ላይ ትቼ ገባሁ። ጸሐይ ተጠራች። ዳኛዋ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት።

"ጸሐይ" አለች። ያው ዝምታ መጣ። ጽጌማርያም እስክሪብቶዋን አነሣች። ማመልከቻ ጸሐፊ በችሎት የመናገር መብት የለውም፤ እኔ ግን ብድግ ብዬ፣ ክብርት ዳኛ ምስክሯ ውጭ አሉ፣ ይሰሙልን አልኩ። ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ክንዴን ያዘኝ። ጽጌማርያም ገላመጠችኝና ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ምስክሩ ይግቡ አለች።

ሽማግሌው ሲገቡ ጸሐይ ደነገጠች። ነጠላዋን ወደ አፏ አነሣች። እሳቸው መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘው ማሉ፤ ስማቸውን ሲጠየቁ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "አማኑ ጅግሶ" አሉ።

ዳኛዋ ማመልከቻውን አየች። "የአመልካች አባት ነዎት?"

"የባሏ አባት ነኝ" አሉ። "አባቷም አማኑ ነበር።"

ጽጌማርያምም ያደገችው እዚሁ ነው። ሽማግሌውን አየቻቸው፣ ጸሐይን አየቻት፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። ማብራሪያ አልጠየቀችም። እስክሪብቶው እጇ ላይ እንዳለ ቀረ።

ሽማግሌው ለልጄ አንድ ነገር ልበል፣ ይፈቀድልኝ አሉ። ተፈቀደላቸው። ወደ ጸሐይ ዞረው በመጀመሪያ በጌዴኦፋ ተናገሩ፤ ምን እንዳሉ ሳይገባኝ የችሎቱ አስተርጓሚ ዓይን እንባ ሲሞላ አየሁ። ከዚያ ችሎቱ እንዲሰማ ያንኑ በአማርኛ ደገሙት።

"ልጄ፣ ስሙ መጀመሪያ ያባትሽ ነበር። ቤቴ ስትገቢ እኔ ነኝ የወሰድኩብሽ። አንቺ አከበርሽኝ፣ እኔ ያባትሽን ይዤ ተቀመጥኩ። ዛሬ በዳኛ ፊት መልሼልሻለሁ። ጥሪው።"

ጸሐይ ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም ማለቷ ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ጠበቋት፤ የትም የሚሄዱ አይመስሉም። ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሌላው ባለጉዳይ ሁሉ፣ በመሬት የተጣላውም በእዳ የተካሰሰውም፣ አንገቱን አስግጎ ያያታል።

ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

"ጸሐይ" አለች። ጥቂት ቆመች። "አማኑ" አለች።

ድምፁ በጣም ዝቅተኛ ነበር፤ እኔ ከኋላ ሆኜ በጭንቅ ነው የሰማሁት።

"አቤት" አሉ ሽማግሌው።

ትልቅ ሰው ለልጁ ወዬ ይላል እንጂ አቤት አይልም። ሽማግሌ ለምራቱ አቤት ሲል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ጸሐይ ግን ወደ እሳቸው አልዞረችም። ከዳኛዋ ወንበር በላይ ወዳለው ባዶ ግድግዳ እያየች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ "አማኑ" አለች ደግማ፤ አሁን ጮክ ብላ፣ ልጅ አባቱን ሩቅ ሆኖ እንደሚጣራው።

"አቤት፣ ልጄ" አሉ።

ዳኛዋ አያቷን አልጠየቀቻትም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ጸሐይ የምትጠራውን ያህል ጠርታ እስክትጨርስ ዝም ብላ ጠበቀቻት።